ልጅ ብቻውን ወደ አደገኛ ጉዞ ልሂድ ቢል ወላጅ ሊፈቅድለት ይገባልን?

ወላጅ የሆነ ሰው ሁሉ ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው ልጁን ከክፉ ነገር መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ልጁ ያለ ጠባቂ ለመኖር እንዲችል አድርጎ ማሳደግ ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ እነዚህ ሁለት ግዴታዎች እርስ በርሳቸው አይጣሉም። 13 ወይም 14 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይስባል፤ ልጁም በመካከል ቆሞ «ልሂድ፥ ልቀቁኝ» ይላል። አባት አጥብቆ ቢይዘው ፈሪና የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ ይቀርበታል፤ ያለ ጊዜው ቢለቀው ደግሞ ምናልባት ዳግመኛ አያየውም። ስለዚህ «ሂድ» ማለትም ሆነ «አትሂድ» ማለት ያለ ብዙ አሳብ ከአፍ የሚወጣ ቃል ሊሆን አይገባውም።

ይህ ጥያቄ በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በባሕር ላይ ነው። ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስማቸው በዓለም የተሰማ አምስት ልጆች፥ ዕድሜያቸው 18 ሳይሞላ፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በሸራ ጀልባ ዓለምን ለመዞር ተነሡ። አራቱ ጉዞአቸውን ፈጽመው ተመለሱ፤ አንዲቱ ግን ከሞት አፋፍ በሰው እጅ ተርፋ ወጣች። በየአገሩም ጋዜጦች ወላጆቻቸውን አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲወቅስ፥ በአንደኛው አገር ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። እኛም ታሪካቸውን በአጭሩ አስታውሰን ለወላጅም ለመንግሥትም የሚጠቅመውን ምክር ከውስጡ ለማውጣት እንሞክራለን።

ልማዱ ራሱ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1965 ሮቢን ሊ ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ በ16 ዓመቱ ርዝመቷ 24 ጫማ በሆነች ትንሽ ጀልባ ከካሊፎርኒያ ተነሣ። በየወደቡ እየቆመ፥ በመንገድም ሚስት አግብቶ፥ ጀልባውንም በምትበልጥ ጀልባ ለውጦ በ1970 ወደ ተነሣበት አገር ተመለሰ። ጉዞው አምስት ዓመት ያህል ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ወደ እሽቅድምድም እየተለወጠ ሄደ። በጁላይ 2009 ዛክ ሰንደርላንድ የተባለው የካሊፎርኒያ ልጅ በ17 ዓመቱ ዓለምን ብቻውን ዞሮ ሲመለስ ከሁሉ ያነሰ ዕድሜ ያለው ተብሎ ተከበረ። ዳሩ ግን ክብሩ ሁለት ወር እንኳ አልቆየለትም፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ከእርሱ በጥቂት ወራት የሚያንስ ማይክ ፐርሃም የተባለ እንግሊዛዊ ልጅ ወሰደበት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚነሣ ልጅ ከባሕሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ የልደት ቀን ጋር ጭምር የሚታገል ሆነ።

ጄሲካ ዋትሰን የተባለችው የአውስትራሊያ ልጅ በሴፕቴምበር 2009 ለሙከራ ከብሪዝበን ወደ ሲድኒ ስትጓዝ፥ በሌሊት ለጥቂት ጊዜ ጋደም ባለችበት ሰዓት ጀልባዋ ከአንድ ታላቅ የጭነት መርከብ ጋር ተጋጨ፤ ሸራው የሚሰቀልበት ደቀልም ተሰበረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ወላጆቿን ክፉኛ ነቀፉ። እርስዋ ግን ጀልባዋን አስጠግና ኦክቶበር 18 ቀን 2009 ከሲድኒ ተነሣች። በጃንዋሪ 2010፥ በደቡባዊው የምድር ክፍል በጋ በሚሆንበት ወራት፥ መርከበኞች ሁሉ የሚፈሩትን ኬፕ ሆርንን አለፈች። በ210ኛው ቀን፥ ሜይ 15 ቀን 2010፥ 17 ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት ሲድኒ ገባች። የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድም ከሕዝቡ ጋር ሆነው ተቀበሏት።

አቢ ሰንደርላንድ የዛክ ሰንደርላንድ እኅት ናት። እርስዋም በ16 ዓመቷ ጃንዋሪ 23 ቀን 2010 ከካሊፎርኒያ ወጣች። ነገር ግን ጀልባዋ ልዩ ልዩ ጉድለት እየታየበት በመጀመሪያ በሜክሲኮ፥ በኋላም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን መቆም ግድ ሆነባት። በዚህ ምክንያት ወደ ደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ የደረሰችው በዚያ ስፍራ ክረምቱ በሚበረታበት በጁን ወር ነው። ጁን 10 ቀን 2010 ማዕበል ጀልባዋን ገለበጠው፤ ጀልባው ተመልሶ ቢቃናም ደቀሉ ተሰብሮ ወደቀ። ከአውስትራሊያ ጠረፍ 3,000 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ላይ ሆና የድረሱልኝ ምልክት የሚሰጠውን መሣሪያ ከፈተች። የአውስትራሊያ ባለሥልጣኖች የመንገደኛ አውሮፕላን ተከራይተው ከፐርዝ ከተማ ወደ ውቅያኖሱ ላኩ፤ አግኝተውም በሬዲዮ አነጋገሯት። ከዚያም አንድ የፈረንሣይ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ሥራውን ትቶ ሄዶ አወጣት። በዚህ ጊዜ የመርከቡ አዛዥ ራሱ ወደ ባሕር ወድቆ በብዙ ድካም ተሳበ። የተተወው ጀልባዋም ከስምንት ዓመት በኋላ በ2018 መጨረሻ በደቡብ አውስትራሊያ በካንጋሩ ደሴት አጠገብ ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ታየ።

ሦስተኛይቱ የሆላንድ ልጅ ላውራ ዴከር ናት። ወላጆቿ በጀልባ ዓለምን ሲዞሩ ሳለ በ1995 በኒውዚላንድ ተወለደች። በ2009፥ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ዓለምን ብቻዋን ልዙር ብላ ተነሣች፤ አባትዋም ፈቀደላት። መንግሥት ግን ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አቀረበው። የዩትሬክት ፍርድ ቤት በኦገስት 2009 ልጅቱ በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪነት ሥር እንድትሆን ፈረደ። እርስዋም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከቤት ጠፍታ በካሪቢያን ባሕር ባለችው በሲንት ማርተን ደሴት ተገኝታ ተመለሰች። ዳሩ ግን ፍርድ ቤቱ በሩን ለዘለዓለም አልዘጋባትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከፊተኛው የሚበልጥና የሚጠነክር ጀልባ አዘጋጀች፤ የመጀመሪያ የሕክምና ርዳታ ተማረች፤ እንቅልፍ በጐደለ ጊዜ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ተለማመደች፤ ትምህርቷንም በጉዞ ላይ እንድትቀጥል ዝግጅት ተደረገ። በጁላይ 2010 ፍርድ ቤቱ ቁጥጥሩን አነሣ። እርስዋም በኦገስት ወር ከጂብራልታር ተነሥታ በየወደቡ እያረፈች ጃንዋሪ 21 ቀን 2012 በ16 ዓመቷ ሲንት ማርተን ላይ ጉዞዋን ፈጸመች።

እነዚህን ታሪኮች የሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው መጨረሻውን አይቶ መፍረዱ ላይ ነው። ዋትሰን በደኅና ስለ ተመለሰች ወላጆቿ ብልኆች ተባሉ፤ ሰንደርላንድ ጀልባዋ ስለ ተሰበረ ወላጆቿ ጨካኞች ተባሉ። ነገር ግን ሁለቱም ልጆች የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጀልባ ጋር ያደጉ ናቸው፤ የሁለቱም ወላጆች ፈቅደዋል። ስለዚህ ፍርዱ መመዛዘን ያለበት ልጁ በተመለሰበት ቀን ሳይሆን በተነሣበት ቀን ነው። በተነሡበት ቀን ቢመዘን ደግሞ ልዩነቱ በድፍረት ወይም በፍቅር ማነስ ሳይሆን በወራት ምርጫና በመሣሪያ ዝግጅት ላይ ይገኛል። አንዲቱ ክፉውን ስፍራ በበጋ አለፈችው፤ ሁለተኛይቱ በክረምት ደረሰችበት። ማዕበል የሰውን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ወራቱን ጠብቆ ይመጣል እንጂ።

ሁለተኛው ነገር «ከሁሉ ታናሽ» የሚባለው ክብር ነው። በጥንካሬ ወይም በዕውቀት የሚገኝ ክብር ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል፤ በዕድሜ ማነስ የሚገኝ ክብር ግን አንድ ቀን ካለፈ ለዘለዓለም አለፈ። ስለዚህ ልጁንም ወላጁንም ያስቸኩላል፤ «ጀልባው ይጠገን፥ ወራቱ ይለፍ፥ አንድ ዓመት እንታገሥ» የሚለውን ምክር ጆሮ ያሳጣዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት በእህል ላይ ሲሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በውቅያኖስ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ይህን አይተው የዓለምን ድንቅ ሥራ የሚመዘግበው ጊነስም፥ የሸራ ጀልባ ጉዞን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ጉባዔም «ከሁሉ ታናሽ መርከበኛ» የሚለውን ማዕርግ መመዝገብ ትተዋል። መልካም አድርገዋል እንላለን፤ ሽልማቱ ሲጠፋ የመቸኮያው ምክንያት እኩሌታው አብሮ ይጠፋልና።

ሦስተኛው የወላጅ የራሱ ምኞት ነው። በአፕሪል 1996 በአሜሪካ ጄሲካ ዱብሮፍ የተባለች የ7 ዓመት ልጅ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን ታቋርጣለች ተብሎ ጋዜጠኞች ተሰበሰቡ። አብረዋት አባትዋና የበረራ አስተማሪዋ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን በዋዮሚንግ ግዛት በሸየን ከተማ ዝናምና ብርቱ ነፋስ ሳለ፥ ከሚገባውም በላይ በተጫነ አውሮፕላን ተነሡ፤ ወዲያውም ወድቀው ሦስቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ ካገኙት ምክንያት አንዱ በታቀደው ቀን ለመድረስ የነበረው መጣደፍና የጋዜጠኞች ዐይን መሆኑ ተጽፏል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የአብራሪነት ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲህ ላለ የክብር ውድድር የአውሮፕላን መሪ እንዳይዝ በሕግ ከለከለ። ይህች ሕፃን ብቻዋን አልነበረችም፤ ሁለት ዐዋቂዎች ከጐኗ ተቀምጠው ነበር። ሆኖም ዐዋቂዎቹ ራሳቸው በታቀደው ቀን ከታሰሩ የእነርሱ አጠገብ መሆን ምን ይጠቅማል?

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር የዘመኑ ሊቃውንት ስለ ወጣቶች አእምሮ ከመረመሩት ይገኛል። ነገርን አመዛዝኖ ራስን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ወጣት ብቻውን ሆኖ በጸጥታ ሲያስብ አሳቡ ከዐዋቂ ብዙም አይርቅም፤ ባልንጀሮቹ እያዩት መሆኑን ሲያውቅ ግን ወደ አደጋ መድፈሩ እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ የሚያስፈራው የልጁ ብቸኝነት ብቻ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ በየቀኑ ጽሑፉን የሚያነብብለት፥ ምስሉን የሚያይለትና የሚያጨበጭብለት ሕዝብም ያስፈራል። ብዙ ሰው የሚያየው ልጅ «ተመልሻለሁ፥ አልቻልሁም» ለማለት ያፍራል፤ ይህም እፍረት ከማዕበሉ ይልቅ ይገድላል።

አራተኛው የሌላ ሰው ነፍስ ነው። ብቻውን የሚጓዝ መርከበኛ ወራት ሙሉ ሳይተኛ መኖር አይችልም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ያንቀላፋል። የ1972 ዓለም አቀፍ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ግን ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ ዙሪያውን የሚመለከት ጠባቂ እንዲኖረው ያዝዛል። እንግዲህ ብቻውን የሚሄድ ሁሉ፥ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፥ በእንቅልፉ ሰዓት የሚደገፈው በመሣሪያና በሌሎች መርከቦች ጥንቃቄ ላይ ነው። ችግር ላይ በወደቀም ጊዜ የባሕር ሕግ በአጠገቡ ያለውን መርከብ ሁሉ እንዲረዳው ያስገድዳል። የፈረንሣዩ የመርከብ አዛዥ ወደ ባሕር የወደቀው ለማያውቃት ልጅ ብሎ ነው። ወላጅ ለልጁ ሲፈቅድ ይህን ሰው አላማከረውም። ስለዚህ «ልጁ የእኔ ነው፥ ፈቃዱም የእኔ ነው» የሚለው ንግግር በሙሉ እውነት አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ መከልከል ነው የሚሻለው» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። አንደኛ፥ በቤት የተቀመጠ ልጅ ከአደጋ አይድንም። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው የመንገድ ላይ የተሽከርካሪ አደጋ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ባሕሩን ፈርቶ ለልጁ የመኪና ቁልፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ አባት አደጋውን አልሸሸም፤ የለመደውን አደጋ መረጠ እንጂ። ሁለተኛ፥ ክልከላ ብቻውን ልጅን አያስቀምጥም፤ ላውራ ዴከር ዐዋቂዎቹ ሲከራከሩ ውቅያኖስ ተሻግራ ጠፍታ ነበር። ሦስተኛ፥ ከባድ ነገር ሞክሮ የማያውቅ ልጅ በጐለመሰ ጊዜ ከባድ ኀላፊነት ቢሰጠው ይደነግጣል፤ አገርም እንዲህ ባሉ ሰዎች አትጸናም።

በመጽሐፍም የዚሁ ምሳሌ አለን። ጻድቁ ጦቢት ዐይኑ በታወረ ጊዜ ያለውን አንድ ልጁን ጦብያን በአደራ የተቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣ ወደ ሩቅ አገር ወደ ሜዶን ላከው። እናቱ ሐና ከገንዘቡ ልጁ ይበልጥብኛል ብላ አለቀሰች፤ ልቅሶዋም አግባብ ነበረው። ጦቢት ግን ልጁን በቤት አላስቀረውም፤ እንዲሁም ዝም ብሎ አልለቀቀውም። አስቀድሞ መከረው፤ ቀጥሎም መንገድ የሚያውቅ ታማኝ ጓደኛ ደመወዝ ከፍሎ እንዲፈልግ አዘዘው፤ የተገኘውንም ሰው ወገኑንና ዘመዱን ሳይመረምር አልተቀበለውም። ጓደኛው ሩፋኤል መልአክ መሆኑን አባትየው አላወቀም ነበር፤ ቢሆንም የአባትነት ሥራውን ጨርሶ ነበር።

የአገራችን የቆሎ ተማሪም ለዚሁ ነገር ምስክር ነው። ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ዱላ ይዞ የማያውቀውን አገር በእግሩ ያቋርጥ ነበር፤ አንዳንዱም ከወላጆቹ ተደብቆ ይሄዳል። ረኃቡ፥ ውሻው፥ በሽታው ብዙ ነው፤ ወጥተው ያልተመለሱም አሉ። ነገር ግን መንገዱ ሥርዐት ነበረው። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት በደረጃ ይሄዳል እንጂ ዳዊት ሳይደግም ቅኔ አይቀኝም። በደረሰበት ሁሉ የኔታና ታላላቅ ተማሪዎች ይቀበሉታል፤ የአገሩም ሰው ይመጸውተዋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በታናሽነቱ የሚሸልመው ማንም አልነበረም፤ የሚከበረው ባወቀው መጠን ነው። ስለዚህ ከዚህ መንገድ ሊቃውንት ወጡ።

እንዲሁም በዘመናችን በጅቡቲ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት የሚነሡ ወጣቶቻችን መኖራቸው የታወቀ ነው። የእነርሱ ምክንያት ችግር እንጂ ክብር አይደለም፤ ስለዚህ ከጀልባ መርከበኞች ጋር አናስተካክላቸውም። ነገር ግን ጉዞው ሲመዘን ደረጃ የለውም፤ መርማሪ የለውም፤ የድረሱልኝ ምልክት የለውም፤ መሪው ልጁ ቢጠፋ የማይጐዳው ደላላ ነው። ወላጅ ከብቱን ሸጦ ለደላላ ከመክፈሉ በፊት ጦቢት የጠየቀውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ልጁ ልሂድ ባለው ጊዜ ወላጅ አራት ነገር ይመርምር እንላለን። መጀመሪያ፥ ምኞቱ የማን ነው? ጋዜጠኛና ሽልማት ባይኖር፥ ማንም ባያየው፥ ልጁ ይህን ጉዞ ይፈልገው ነበርን? አይፈልገውም ከሆነ ጉዞው የልጁ አይደለምና ይቅር። ሁለተኛ፥ ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ ተፈጽሟልን? ወንዝን ያልተሻገረ ወደ ሐይቅ፥ ሐይቅን ያልተሻገረ ወደ ባሕር አይሂድ፤ ችሎታውንም አባቱ ሳይሆን ዘመድ ያልሆነ ዐዋቂ ይመስክርለት፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንደ ተባለ ሁሉ፥ አባት የመሰከረለትም ለባሕር አይበቃም። ሦስተኛ፥ ልጁ ያለ እፍረት ሊመለስ ይችላልን? አባት በአደባባይ «በመንገድ ብትመለስ ከመድረስህ እኩል አከብርሃለሁ» ብሎ ካልተናገረና ካላመነበት ፈቃዱ ፈቃድ አይደለም። አራተኛ፥ ቢወድቅ የሚያነሣው ማን ነው? የዚያ ሰው ነፍስና ድካም አስቀድሞ ይታሰብ።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። መንግሥት በእያንዳንዱ ቤት አባት ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ወላጅ በልጁ ክብር ታውሮ ወይም በፍቅር ደክሞ መመርመር ባቃተው ጊዜ መርማሪ ሊሆን ይገባዋል። የሆላንድ ፍርድ ቤት ሥራ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። ፍርዱ ልጅቱን አስቀይሟት፥ አንድ ዓመትም አዘግይቷት ነበር፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ጀልባው ጸና፥ ትምህርቱ ተሰናዳ፥ የእንቅልፉ ነገር ታሰበበት። በ13 ዓመቷ ያልተዘጋጀው ሁሉ በ14 ዓመቷ ተዘጋጀ። ከልካይ ዳኛ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ መርማሪ ዳኛ ግን የጐደለውን ነገር ቈጥሮ «ይህን አሟልታችሁ ተመለሱ» ይላል። የሕፃናት ጥበቃ በተሾመበት አገር ሁሉ ሹማምንት የሁለተኛውን መንገድ ቢከተሉ ልጁም ሕጉን እንደ ጠላት አያየውም።

በጠቅላላው፥ ለልጅ አደጋን መፍቀድ አንድ ቀን የሚሰጥ ፊርማ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት የሚለቀቅ ገመድ ነው። በዐሥር ዓመቱ ወንዝ ማዶ ብቻውን ተልኮ በሰዓቱ የተመለሰ ልጅ በ16 ዓመቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ለአባቱ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህ በፊት ምንም ያልተፈቀደለት ልጅ ግን ድንገት ውቅያኖስ ልሻገር ቢል፥ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ገመዱን ሳይለቅ የከረመው የወላጁ ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ዛሬ በሚችሉት መጠን እንዲሞክሩ ይፍቀዱላቸው፤ በማይችሉትም መጠን «ገና ነህ፥ ይህን ይህን ስታሟላ እንነጋገራለን» ይበሏቸው፤ የተናገሩበትም ቀን ሲደርስ ቃላቸውን ይጠብቁ።